የማክሰኞ ጠዋት ቁጥር

ትምኒት ሥራውን ለአባቷ ለማስተማር ሦስት ቀን መድባ ነበር። ባህታ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሳይደርስ ቻለው።

«እስቲ አንዴ ብቻህን አሳየኝ፣ ባባ» አለችና እጇን አጣጥፋ በሩ አጠገብ ቆመች።

ባህታ ግልጹን የፕላስቲክ ሳጥን አንስቶ በመጀመሪያው ገንዳ ላይ ደፋው። ጠርዙ አየር እንዳያስገባ ዙሪያውን በጣቱ እየዳሰሰ መረመረ። የመለኪያውን ቁጥር አየና ደብተሩ ላይ ጻፈ። አምስት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና አየ፤ ጻፈ። ከዚያ ሳጥኑን አንስቶ አናፈሰው፤ መልሶ ደፍቶ ጥቁር ጨርቅ አለበሰውና ሌላ አምስት ደቂቃ ጠበቀ። ሲጨርስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ልጁን አያት።

«ፐርፌክት» አለች ትምኒት። «አብሮኝ የሚማረው ልጅ አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል።»

«እሱ አሥራ አምስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቁጥር ሲጽፍ አልኖረማ።»

ጊዜው በፈረንጆች ዘጠና ስድስት፣ ሐምሌ ነበር። የመስታወት ቤቱ ጀርመን አገር፣ ዚንድሊንገን በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ፣ ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ድሮ የአበባ ነጋዴ ነበረበት፤ አሁን የትምኒት ፕሮፌሰር ተከራይተውታል፤ ውሉም በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ውስጡ ስድስት ገንዳዎች ተደርድረዋል። በገንዳዎቹ ውስጥ ያለው ሣር ከሰሜን ባሕር ዳርቻ ከነሥሩና ከነጭቃው ተቆርጦ የመጣ ነው። ሦስቱ ገንዳዎች የያዙት ከጥንት ጀምሮ ባሕሩ ሲገባበትና ሲወጣበት ከኖረ ጨዋማ ረግረግ የተቆረጠ ነው። ሦስቱ ግን ለብዙ ዘመን በግድብ ታጥሮ የከብት ግጦሽ ከነበረ መሬት የመጡ ናቸው፤ ያ መሬት ግድቡ ፈርሶ ለባሕሩ ከተመለሰ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ ከበርሜል የባሕር ውሃ ይለቀቅላቸዋል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድልላቸዋል።

«ቁጥሩ ሲወርድ ሣሩ የተቃጠለውን አየር ወስዷል ማለት ነው» አለችው ትምኒት። «ጨርቁን ስታለብሰው ግን ብርሃን ያጣል፤ ያኔ ይመልሳል፤ ቁጥሩም ይወጣል።»

«እንደ ሰው።»

«እንደ ሰው። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ባሕሩ የተመለሰው ረግረግ እንደ ጥንቱ ረግረግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል ወይስ አይወስድም?»

«የእኔ የጉልበት ጅማት ከተበጠሰ እሱም ስድስት ዓመቱ ነው። እንደ ጥንቱ አይሄድም።»

«አንተን የምትለካህ እማ ብቻ ናት፤ ውጤቱንም ለማንም አታወጣም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ደብተሩን ወደ እሱ አዙራ የመጨረሻውን ዓምድ በጣቷ ነካች። «እዚህ ማስታወሻ አለ። ያልተለመደ ነገር ካየህ እዚህ ጻፍ፤ ደመና ከመጣ፣ ፓምፑ ከቆመ፣ ሰው ከገባ።»

«ማን ይገባል?»

«ማንም አይገባም። ግን ከገባ።»

ባህታ ጠንቅቆ ያወቀው ነገር ይህ ነው፤ ልኬቱ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ሳይቋረጥ አምስት ቀን መሄድ አለበት። አንድ ቀን ከጎደለ ሳምንቱ ይበላሻል፤ ሌላ ሳምንት ደግሞ የለም። ትምኒት እሁድ ከፕሮፌሰሯ ጋር ወደ ባሕሩ ትሄዳለች፤ ረቡዕ ማታ ትመለሳለች፤ አርብ መምህራኑ ፊት ቆማ የዲፕሎም ሥራዋን ታስረዳለች። የአራት ዓመት ትምህርት በእነዚህ ስድስት ገንዳዎች ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጅቷ ጭቃ እንድትወድ ያደረጋት የባህታ ታላቅ እህት ኣብረኸት ናት። ባህታ በወጣትነቱ ምጽዋ ጨው ማምረቻ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሚስቱ ዘርፈሽዋል ከወሎ መጥታ እዚያው ጉምሩክ ታይፒስት ነበረች፤ ቤታቸው የሚነገረው ቋንቋም እስከ ዛሬ የእሷ ነው። ከአገር ሲሰደዱ የአራት ዓመቷን ትምኒትን ለኣብረኸት ትተው ወጡ፤ ልጅቷ ወደ ጀርመን የመጣችው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ኣብረኸት የባሕሩ ውሃ በሸሸ ቁጥር ልጅቷን ይዛ ጭቃው ላይ ትወጣ ነበር። «ጭቃ በዓይን አይታወቅም፤ በተረከዝ ነው የሚጠየቀው» ትላት ነበር። «ተረከዝሽን አስቀድመሽ አሳርፊ። ከያዘሽ ሂጂ።»

አሁንም በየወሩ ስልክ ሲደዋወሉ የኣብረኸት የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። «ጭቃሽ እንዴት አደረ?» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ባህታም እንዲሰማ፣ «ሰው ጀርመን አገር ድረስ ሄዶ ጭቃ ይማራል?»

«ዓሞ፣ ያስጀመርሽኝ አንቺ አይደለሽ?» ትላታለች ትምኒት፤ አክስቷን በትግርኛ እንዲያ ነው የምትጠራት።

*

እሁድና ሰኞ ያለ ችግር አለፉ። ባህታ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቤት ይወጣል፤ ውሃውን ይለቃል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ዙር ይጀምራል። አንድ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ እንደገና ይጀመራል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የቤቱን አየር ይለካል፤ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት፣ ሦስት መቶ ሰባ፣ ሦስት መቶ ስድሳ ስምንት። ሰኞ ማታ ቁጥሮቹን ለዘርፈሽዋል እንደ መዝሙር አነበበላት። ዘርፈሽዋል ሰማችው እንጂ አልሳቀችም። ጭንቅላቷን እንዳመማት ነግራው ቀድማው ተኛች።

ማክሰኞ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ሳጥኑን ሲያጥብ የሰው ኮቴ ሰማ። ቀና ሲል በጤዛ በደበዘዘው መስታወት ውጭ ሰው ቆሟል። አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ነው። ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ሻሽ። ከፊት የቆመው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ፍስሃየ ነው። ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ፍስሃየ ሠርግ ቤት እንኳ ባርኔጣውን አያወልቅም።

ሳጥኑ ከባህታ እጅ ወደ ማጠቢያው ወደቀ።

በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ ሰብሰብ ብሎ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ባህታ ያውቃል፤ እሱም ከሰዎች ጋር ሆኖ የብዙ ሰው በር እንዲህ አንኳኩቷል። የማያውቀው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ሐሳቡ ወደ ሰሜን ወደሚወስደው አውራ ጎዳና ሮጠ፤ የፕሮፌሰሯ መኪና፣ ልጁ ፊት ወንበር ላይ።

በሩ ተከፈተ። ፍስሃየ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌሎቹም ከኋላው ገቡ። «ባህታ ወንድሜ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ...»

«ልጄ ናት?» አለ ባህታ።

«የሰው ልጅ በምድር ላይ እንግዳ ነው፤ እግዚአብሔር ሲሰጥም...»

«ፍስሃየ! ልጄ ናት ወይ?»

«ልጅህ ደህና ናት!» ዘርፈሽዋል ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት ወጣች። «ልጅህ ደህና ናት፣ ባህታዬ። ልጅህ አይደለችም።»

ደንቡ እንዲህ አይደለም። መርዶ የሚነግረው ሽማግሌው ነው፤ ቤተሰብ አያቋርጠውም። ፍስሃየ ግን አልተቆጣም፤ ባርኔጣውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረና በዝግታ፣ «ኣብረኸት ናት» አለ። «እሁድ ከሰዓት በኋላ። በቤቷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። አልታመመችም፤ አልተሠቃየችም።»

ባህታ የሚቀመጥበት ፈለገ። አንድ ሰው የአበባ ማሰሮ ገልብጦ አቀረበለት፤ እዚያ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሴቶቹ ልቅሶውን አነሡት። ከኤርትራ የመጡት እናቶች በትግርኛ የኣብረኸትን ስም እየጠሩ፣ የእጇን ስፋት፣ የደጇን ክፍት መሆን እያወሱ አለቀሱላት። የዘርፈሽዋል ጉባኤ ሰዎችም ነበሩ፤ በየእሁዱ በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰቡ ጴንጤዎች ናቸው። መሪያቸው ኢሳያስ እጁን በባህታ ትከሻ ላይ ጭኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጸለየ።

አንዲት አሮጊት እግራቸው ዛለና ከጎናቸው ወዳለው ነገር ጠርዝ ዝቅ አሉ። ባህታ ከእንባው መሃል ቀና አለ። «እናቴ፣ እዚያ ላይ አይቀመጡ! እሱ አራተኛው ገንዳ ነው!»

አሮጊቷ ተስፈንጥረው ተነሡ። «ምንድን ነው ልጄ?»

«ባሕር ነው» አለ ባህታ፤ መልሶም አለቀሰ።

ሰዎቹ ማሰሮ እየገለበጡ፣ ሳንቃ እየዘረጉ ተቀመጡ። ልቅሶው ሲበርድ ወጉ ተጀመረ፤ ማን ለማን እንደደወለ፣ ከከተማው ሁሉ ሰውን እንዴት እንደሰበሰቡ።

«ቤትህ ሄደን አጣንህ» አለ ፍስሃየ። «መርዶ ሜዳ ላይ አይነገርም ብዬ ነበር። ሚስትህ ግን እስከ ማታ አይመጣም አለችን። እስከ ማታ ድረስ ከምጽዋ አንዱ ቢደውልልህስ? ይኸው ሠላሳ ሰው ሆነን በዚንድሊንገን መሃል ተሰልፈን መጣን። ለፈረቃ የሚሄዱት የፋብሪካ ሰዎች መንገድ ለቀቁልን።»

«ሰልፍ መስሏቸው ነው» አለ ኢሳያስ።

«እናንተ ስላላጨበጨባችሁ ነው እንጂ ባንድ መስሏቸው ይከተሉን ነበር።»

«ጋሽ ፍስሃየ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉን።»

በዚህ መሃል መደርደሪያው ላይ ያለው ሰዓት ጮኸ። ሁለት ሰዓት ሆኗል። ባህታ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ተነሣ፤ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ወዴት ነው?» አለ ፍስሃየ።

«ዙር ነው።»

«ባህታ፣ ለዛሬ እንኳ ተወው!»

«ከተውኩት ሳምንቱ ይሞታል። አደራ ነው።»

ባህታ መለኪያውን ከፍቶ የቤቱን አየር አየ። ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ። መለኪያውን በጣቱ መታ አደረገው፤ ቁጥሩ ወደ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አምስት ወጣ። ጻፈው። ሳጥኑን በመጀመሪያው ገንዳ ላይ ደፋ። ሠላሳ ሰው አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ አብሮት ጠበቀ። በሌላው ቀን በዚህ ሰዓት ቁጥሩ ሃያ ያህል ይወርድ ነበር፤ ዛሬ አርባ አንድ ወረደ። ባህታ ይህንንም ጻፈ።

ከመሄዳቸው በፊት ፍስሃየ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ዞሮ አየ። «ልጅቷ አርብ ፈተና አለባት። እስከ አርብ ድረስ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር። ለቅሶ ቤትም አይኬድ። ስልክም የለም። አርብ ከጨረሰች በኋላ እንነግራታለን።»

«አሜን» አለ ኢሳያስ፤ የዘርፈሽዋል ጉባኤና የፍስሃየ የኦርቶዶክስ ማኅበር በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

*

ማታ ዘርፈሽዋል ጎረቤት ካመጣው ምግብ ይዛለት መጣች። እሱ ሲበላ ደብተሩን አነሣች። ታይፒስት ስለነበረች የቁጥር ዓምድ ላይ ዓይኗ ፈጣን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? ሁሉም ሦስት መቶ ነው፤ እዚህ አንድ ሺህ አራት መቶ ይላል።»

«እሱን እኔም ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ» አለ ባህታ። «እናንተ ናችሁ።»

«እኛ?»

«ሠላሳ ሰው በተዘጋ ቤት አንድ ሰዓት ሲተነፍስና ሲያለቅስ አየሩ ይሞላላ። በሩን ከፍቼ ባናፍሰው ኖሮ... ያኔ ማን ያስታውሳል። አራት ሰዓት ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ።»

ዘርፈሽዋል ቁጥሩን ደግማ አየችው። «እሷ ይህን ስታይ ትጠይቃለች።»

«ትጠይቃለች።»

«ሰው ገብቶ ነበር ካልካት፣ ማን ገባ ትላለች። ለምን ገባ ትላለች።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባህታዬ፣ ሦስት መቶ ሰባ ብለህ ብትጽፈውስ? የትናንቱ ሦስት መቶ ሰባ ነው። የነገውም ይሆናል። አንዲት ቁጥር ናት። ልጅቷ ባዶ ሆዷን፣ በልቅሶ፣ መምህራኑ ፊት እንድትቆም ትፈልጋለህ?»

ባህታ ማንኪያውን አስቀመጠ። በልቡ ይህን ነገር ከቀትር ጀምሮ ሲያገላብጠው ነበር። እርሳስ ነው፤ ላጲስም አለ። ልጁ አርብ ቀና ብላ እንድትቆም ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያደርግላት ነበር፤ ከአገር አገር ያመጣትም ይኸው ፍቅር ነው። ግን ያኔ ፋብሪካ ሲገባ የፈረቃው አለቃ፣ ማይስተር የሚሉት አጭር ሰው፣ የመጀመሪያውን ደብተር ሰጥቶት ያለውን አልረሳም። የሚያሳየውን ጻፍ፤ የምትመኘውን ለሚስትህ ንገራት።

«በአፌ እዋሻታለሁ» አለ። «ረቡዕ ማታ ስትመጣ ሁሉም ደህና ነው እላታለሁ። ሐሙስም እላታለሁ። በደብተር ግን አልዋሻትም። አራት ዓመት የለፋችው እኮ ለዚህ ደብተር ነው፤ አንዱ ቁጥር የእኔ ፈጠራ ከሆነ የቀረውን በምን ታምነዋለች?»

«እንግዲያ ማስታወሻው ላይ ምን ልትጽፍ ነው?»

ባህታ የመጨረሻውን ዓምድ አየ። ሰው ከገባ፣ ብላው ነበር።

«ምንም» አለ። «እሱ ባዶ ይቀራል።»

*

ትምኒት ረቡዕ ማታ ስትደርስ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፤ ቦት ጫማዋ በደረቀ ጭቃ ግራጫ ሆኗል። አባቷን አቅፋ አንገቱ ሥር ሳመችው።

«ባሕሩ ሰላም ብሎሃል» አለች። «ነገ ለዓሞ እደውልላታለሁ። ግድቡ በፈረሰበት በኩል ባዶ እግሬን ሄድኩ፤ በተረከዜ። ያዘኝ! ይህን ካልነገርኳት አልተኛም።»

ዘርፈሽዋል ወደ ምድጃው ዞረች። ባህታ፣ «የምጽዋ መስመር ተበላሽቷል ይላሉ» አለ።

«እንደገና? እሺ፣ እንሞክራለን።»

ከእራት በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባለ ካሬ መስመር ወረቀቷን ዘርግታ ቁጥሮቹን በእርሳስ ነጥብ ታሳርፍ ጀመር። እሁድ። ሰኞ። ባህታ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሻዩን ያማስል ነበር። ማክሰኞ የመጀመሪያው ዙር። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

«ባባ፣ መለኪያው ማክሰኞ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ሁለት ሰዓት ላይስ?»

«ያሳየውን ነው የጻፍኩት።»

ትምኒት ባዶውን ዓምድ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አባቷን አየች፤ የእናቷን ጀርባ አየች፤ ግድግዳው ላይ ገመዱ የተነቀለውን ስልክ አየች። ነጥቡ ከወረቀቱ በላይ ስለሚወጣ ሌላ ወረቀት አምጥታ በማጣበቂያ ቀጠለችበት፤ ነጥቧን እዚያ ላይ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ርቃ ብቻዋን አስቀመጠቻት።

«ፌርቲግ» አለች፤ ጨርሻለሁ። መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማ። ባህታ የሦስት ቀን ጭቃ ነው ብሎ አሰበ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። በአባቷ በኩል ስታልፍ ቆም ብላ ግንባሩን ሳመችው። «ደክሞሃል። ነገ ጠዋት ገንዳዎቹን እኔ አያለሁ፤ አንተ ተኛ።»

በማግስቱ ስለ ስልክ አላነሣችም።

*

አርብ ዕለት ባህታ የሠርጉን ከረባት አሰረ። ዘርፈሽዋል የሐዘን ልብሷን ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ይዛለች፤ ከፈተናው በኋላ ትለብሰዋለች። ፍስሃየ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ መርዶውን የሚናገረው እሱ ነውና። ሦስቱ ከኋላ ተቀመጡ። ትምኒት ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ባህታ ለፈተና እንዲህ ነው የሚለበሰው ብሎ ገመተ፤ አማረባት።

ልጅቷ ረጋ ብላ አስረዳች። ወደ ባሕሩ የተመለሰው ረግረግ ቀን በብርሃን ከጥንቱ እምብዛም የማይተናነስ የተቃጠለ አየር ይወስዳል፤ በጨለማ ግን ከጥንቱ ትንሽ አብልጦ ይመልሳል። ጭቃው የያዘውን ማቆየት ገና እየተማረ ነው። ስድስት ዓመት ለረግረግ አጭር ጊዜ ነው። ባህታ ጀርመንኛው አብዛኛው ገባው፤ ያልገባውንም ከመምህራኑ ፊት አነበበው።

በመጨረሻ ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ግራፉ ጠቆሙ። ወረቀት ተቀጥሎባት ብቻዋን የቆመችው ነጥብ ላይ።

«ይቺ የመሣሪያ ስህተት ናት?»

ባህታ ከረባቱን አላላ።

«አይደለችም» አለች ትምኒት። «መለኪያው ትክክል ነበር። የቤቱን ስፋትና የሚያፈሰውን አየር አስልቻለሁ፤ በዚያ ጠዋት በቤቱ ውስጥ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አምስት ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነበረ።»

አንድ መምህር ፈገግ አለ። «በጠዋቱ? ግብዣ ነበር?»

«አይ።» ትምኒት ጠቋሚዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዜናው በስልክ አይነገርም። ወዳጆች በማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ አብረው ይነግራሉ፤ አብረው ያለቅሳሉ። የአባቴ እህት ሞታለች። እኔን ያሳደገችኝ ናት። እስከ ዛሬ እንዳልሰማ ሁሉም ተማምለው መሆን አለበት። እንድደውልላት ያልተፈለገው ለእሷ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ማን እንደሆነች አወቅሁ።» ጠቋሚዋን መልሳ አነሣች። «ቁጥሯን ከአማካዩ አውጥቻታለሁ፤ ከግራፉ ግን አላወጣኋትም። በዚያ ሰዓት ገንዳዎቹ ከሌላው ቀን እጥፍ ያህል ወስደዋል፤ ይህም ትክክለኛ ልኬት ነው። የጻፈው አባቴ ነው። ሊሰውረኝ የፈለገውን ነገር የሚነግረኝ ቁጥር መሆኑን እያወቀ ጻፈው። ስለዚህ የቀሩትን ቁጥሮች ሁሉ አምናቸዋለሁ።»

ፕሮፌሰሯ ሌላ ጥያቄ እንደሌላቸው ተናገሩ። ከዚያ ተነሥተው በወንበሮቹ መሃል አልፈው መጡና የባህታን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሐዘናቸውን ገለጹለት።

ፍስሃየ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ወደ ዘርፈሽዋል አዘነበለ። «አርብ ድረስ አልን» አለ በሹክሹክታ፤ እንባው እየወረደ። «ይኸው አርብ ነው። መሐላው አልተነካም።»

«ከረቡዕ ጀምሮ ታውቂ ነበር» አለ ባህታ፣ ልጁ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም።

«አንተ እንዳላዝን ብለህ ስትደብቅ አየሁህ» አለች። «እንዴት ላበላሽብህ?»

*

ለቅሶ ቤት ከመግባታቸው በፊት ሁለቱ በመስታወት ቤቱ በኩል አለፉ። የመጨረሻው ውሃ ከገንዳዎቹ መፍሰስ ነበረበት። ትምኒት ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ደብተሩን ማክሰኞ ላይ ገለጠችና እርሳሱን ሰጠችው።

«አሁን ሙላው።»

ባህታ ባዶውን ቦታ አየ። «ሰው ገብቶ ነበር፤ ለኣብረኸት» ብሎ ጻፈ።

«ስንት ሰው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ፍስሃየን ጨምሮ?»

«ፍስሃየ ብቻውን ሁለት ሳይሆን አይቀርም። እንዲያ ሲያወራ መለኪያው ራሱ ግራ ገብቶት ነበር።»

ትምኒት ስትስቅ እንባዋ አብሮ ወረደ። ባህታ ሠላሳ አንድ ብሎ ጨመረበትና መክፈቻውን አዞረ። ውሃው ከገንዳዎቹ ቀስ እያለ ሸሸ፤ ግራጫው ጭቃ በሣሩ መሃል ወጣ።

ልኬቱ አልቋል፤ ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለም። ትምኒት ጫማዋን አወለቀች። የአባቷን ትከሻ ተደግፋ እግሯን ግድቡ ከፈረሰበት መሬት ወደመጣው አራተኛው ገንዳ አሻገረችና ተረከዟን አስቀድማ አሳረፈች። ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ክብደቷን ጣለችበት።

«ያዘሽ?» አላት ባህታ።

«ያዘኝ።»